የአማጋሳኪ ሰይጣን ጀርባ

አክስቴ ካትሱኖ ፊልም መሥራቷን የደበቀችው ስለተሸነፈች ነው ብዬ አምን ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዓለም ላይ ከመሸነፍ የሚብስ ነውር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። ደግሞ አክስቴ ስትሸነፍ አይቼ አላውቅም። ስታጭበረብር ነው የማውቃት።

ካትሱኖ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። መድረክ ላይ ነጻ ትግል ከሚታገሉ ሴት ታጋዮች ቡድን ጋር አገር ለአገር እየዞረች ስትታገል ኖራ ጉልበቷ ሲከዳት ወደ ቤቷ የተመለሰች ናት። መድረክ ላይ ስሟ «የአማጋሳኪ ሰይጣን» ነበር። በዚያ ትግል ደግ ታጋይ አለች፣ ክፉ ታጋይ አለች። ደጓ ሕዝብ እንዲያለቅስላት፣ ክፉዋ ሕዝብ እንዲሰድባት ነው ሥራቸው። አክስቴ ክፉዋ ነበረች። ከቤታችን የወሰደችውን የእንጨት ሳፋ ይዛ ትገባና ዳኛው ዞር ሲል የደጊቱን አናት ትመታበታለች። አንድ ጊዜ አያቴ ወስዳኝ ሳያት አንዲት ባልቴት ከመቀመጫቸው ተነስተው የመንደሪን ልጣጭ ወረወሩባት። እኔ አለቀስኩ። አያቴ ግን «ዝም በይ፣ የሚወረውሩባት ጎበዝ ስለሆነች ነው» አለችኝና የራሷንም ልጣጭ ወረወረች።

ቤታችን በጃፓን፣ በአማጋሳኪ ከተማ ያለ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበር። ሰፈራችን የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ በየቤቱ መታጠቢያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሳፋና ፎጣውን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። አባቴና እናቴ ከጓሮ እሳቱን ያነዳሉ። አያቴ ሺጌ ደግሞ በወንዶቹና በሴቶቹ በር መካከል ካለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ወገን ትቆጣጠራለች። በአማጋሳኪ የአያቴን ያህል ሰው ራቁቱን ያየ አልነበረም፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንም ሹም ቢመጣ የማትደነግጠው።

አያቴ ሌላም ሙያ ነበራት። ትተኩሳለች። የደረቀ አሪቲ በጣቷ ታሽና እንደ ሩዝ ፍሬ አሳንሳ ጀርባ ላይ ትደረድራለች፤ ከዚያ በሚጨስ ቀጭን እንጨት አንድ በአንድ ትለኩሰዋለች። ሲነድ ቆዳውን ይጠብሰውና ክብ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ለወገብ ይሆናል፣ ለራስ ምታት ይሆናል፣ ልጅ ለማይረጋላትም ይሆናል ትል ነበር። ለልጆች ግን ቅጣት ነው። በኛ አገር «እተኩስሻለሁ!» ብላ ልጇን የማታስፈራራ እናት አልነበረችም። ስለዚህ ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ያየሁባት ሴት ሁሉ አጥፍታ የተቀጣች ትመስለኝ ነበር። ብዙ ጠባሳ የነበረባት ዓሣ ሻጯ እትዬ ኦቶኩ ናት። አፏ ስለማያርፍ በዚያ እንደተቀጣች አልተጠራጠርኩም።

የአያቴ ግራ ዓይን ደካማ ነበር። በዚህ የተነሳ ቀኙን ረድፍ ቀጥ አድርጋ ትደረድርና ግራው ይዘቀዝቅባታል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ጀርባቸው ላይ ቀጥ ያለ አንድ ረድፍ፣ የተንሻፈፈ አንድ ረድፍ ነበራቸው። ካትሱኖም አላት። በልጅነቷ የጎረቤት ወንድ ልጅ ጥርስ አውልቃ የተተኮሰችው ነው።

በጸደይ ወራት ከኪዮቶ አንድ የፊልም ሰው መጣ። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ከአያቴ ወንበር ሥር ቆመና፣ ተዋናዮቻችን ትግል አያውቁም፣ ካትሱኖ መጥታ አወዳደቅ ታስተምርልን አለ።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?» አለች አያቴ።

«የትግል ነው እማማ። ስለ… ስለ ሴቶች ጽናት።»

«ጽናት ከሆነ ጥሩ» አለች አያቴ።

ካትሱኖ ሄደች። ስትመለስ ክንዷ በልዞ፣ ጉልበቷ አብጦ ነበር፤ ጆሮዋን ስታጥብ ጭቃ ይወጣል። እራት ላይ ተዋናዮቹ እንዴት እንደሚወድቁ በትራስ እያሳየች አስቃን አስቃን፣ ድንገት ትራሱን ጥላ ከማዕዱ ተነሳች። ተሸንፋ ነው ብዬ የደመደምኩት ያን ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን የትዳሯ ነገር እየተነሳ ነበር። የሚያገባት ኤይኪቺ የሚባል፣ ከአኩሪ አተር እንደ አይብ የሚረጋውን ቶፉ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት በብስክሌቱ እየዞረ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሴቱ ሁሉ ሳህን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ካትሱኖ አየችውና ብስክሌቱን ከነቶፉ ሣጥኑ በአንድ ትከሻዋ አንስታ አወጣችለት። ሌላው ሰው በዓይን ይወዳል፣ ኤይኪቺ በትከሻ ወደደ። ከዚያ ወዲህ በጓሯችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ካትሱኖ ሥራ ላይ ብትሆንም ጆሮዋ ቀልቶ ስትስቅ አያታለሁ።

የሚያስፈራው የኤይኪቺ እናት ነገር ነበር። ወይዘሮ ኢሶቤ ባላቸው ጦርነት ላይ ሞቶ ያንን ቶፉ ቤት ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ልጃቸው ታጋይ ላግባ ሲል «ቶፉ ቤት ጉልበት ይፈልጋል» ብለው ብቻ ፈቀዱ። በፈቃዳቸው ምልክትም የተጠበሰ ቶፉ በጥቁር ቀለም የተቀባ የሚያምር ሣጥን ሞልተው ላኩልን።

እንግዲህ በኛ ዘንድ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አያቴ የምትከተው ነገር ስትፈልግ ዓይኗ ነጻ ትኬቶቹ ላይ አረፈ። የሲኒማ ቤት ሰዎች ማስታወቂያቸውን በየመታጠቢያ ቤቱ ልብስ ማውለቂያ ይሰቅላሉ፤ ለግድግዳው ምስጋና ነጻ ትኬት ይተዋሉ። የዚያን ሳምንቱ ካትሱኖ ያስተማረችበት ፊልም ማስታወቂያ ነው፤ ልብሳቸው የተቀዳደደ ሁለት ሴቶች ጭቃ ውስጥ ተናንቀው ያሳያል። የተሰቀለው ልብሱን የሚያወልቅ ሰው በሞላበት ክፍል ስለሆነ ሴቶቹ መራቆታቸውን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አያቴ ያየችው ከታች የተጻፈውን «ትግል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። «የልጃችንን ሙያ ይዩላት» ብላ ሁለት ትኬት ሣጥኑ ውስጥ አኖረችና ራሷ ወስዳ ለወይዘሮ ኢሶቤ ሰጠች።

ካትሱኖ ማስታወቂያውን ያየችው በማግስቱ ወለል ስትወለውል ነው። ቆማ ቀረች።

«ይህን አንሺው፣ እማ» አለች።

«ለምን? አንቺ ያስተማርሽው አይደለም እንዴ?»

«ትግሉ ጥሩ አይደለም።»

«ባይሆንስ? ግድግዳው ምን ቸገረው?»

ካትሱኖ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንደገና ወለወለችው። በጣም አሳዘነችኝ። ሄጄ «አንድ ጊዜ ብትሸነፊ ምንም አይደል» አልኳት። ጭንቅላቴን በእርጥብ እጇ ዳበሰችኝ።

ፊልሙን ያየሁት ካደግሁ፣ ካገባሁ፣ ከፈታሁም በኋላ ነው። ኦሳካ ውስጥ አሮጌ ፊልም የሚያሳይ ትንሽ አዳራሽ ገብቼ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ቢራ ከያዙ ተማሪዎች መካከል ተቀምጬ። ታሪኩ በመዳፍ ላይ የሚጻፍ ነው። አንዲት ልጅ የእህቷን ደም ለመመለስ ታጋይ ትሆናለች፤ በየደቂቃው ደግሞ የአንዷ ልብስ ይቀደዳል። ለወንድ ዓይን የተሠራ ነው፣ ጽናትም የለበትም። መጨረሻው ላይ በዝናብና በጭቃ ትግል ይደረጋል። የልጅቱ ልብስ ከላይ እስከ ወገቧ ይገፈፋል። በዚያች ቅጽበት ካሜራው ከኋላ ይዞራል፣ ቀጭኗ ልጅ ድንገት ትከሻዋ እንደ በር ይሰፋል። ተማሪዎቹ ሳቁ። ጀርባው በቀለም ተሸፍኖ ነበር፤ ዝናብ ተብሎ የሚረጨው ውሃ ግን ቀለሙን እያጠበ አወረደው። አንድ ረድፍ ቀጥ ያለ፣ አንድ ረድፍ የተንሻፈፈ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ መሐረብ ፈለግሁ።

ወጥቼ ለካትሱኖ ስልክ ደወልኩላት። ያኔ ነው የነገረችኝ። ተዋናይዋ ገና አዲስ ነበረች። ልብሷ እንደሚገፈፍ የነገሯት እዚያው ጭቃው ዳር ላይ ነው። ደረቷን አቅፋ ስታለቅስ ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ ይጮህባታል። «ከኋላ ከሆነ በሷ ፈንታ እኔ እሆናለሁ» አለችው ካትሱኖ።

«ደግ ነሽ እኮ» አልኳት።

«ምን ደግነት ታወሪያለሽ! ለልጅቱ አዝኜ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ደግሞ መብራቱ በርቶ፣ ሰው ከቦኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መወርወር አማረኝ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከወጣሁ ጀምሮ በህልሜ የማየው እሱን ነው።»

በስምንት ዓመቴ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። እትዬ ኦቶኩ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ የቀሩትን ነጻ ትኬቶች ይዛ «የካትሱኖን ሙያ እንይላት እስቲ!» እያለች በጠራራ ፀሐይ ሲኒማ ቤት ሄደች። ሲሄዱ ሳቃቸው እስከ ባቡሩ ሐዲድ ይሰማል። ማታ ሲመጡ ግን ድምፃቸው የለም። እኔ ልብስ ማውለቂያው ውስጥ ከቅርጫቶቹ ኋላ ሆኜ ፎጣ አጥፋለሁ።

«እሱ ራሱ ነው» አለች አንደኛዋ። «ግራው ይዘቀዝቃል።»

«ፊቷ አይታይም እኮ።»

«ፊቷን ምን አደርገዋለሁ? ያንን ጀርባ ሳሽ ነው ያረጀሁት።»

«ለወንዶች እንጂ ለኛ የተሠራ አይደለም» አለች ሌላዋ። «የተቀመጡትን አላየሻቸውም? ሥራ የፈታ ሁሉ።»

«ዝም በሉ» አለች እትዬ ኦቶኩ። «እኛ እናውቀዋለን፣ ሌላ ማን ያውቀዋል? እኛ ዝም ካልን…»

አያቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ይህን ሰማች። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

«ኦቶኩ» አለች፤ «ለኢሶቤ ትኬት ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲህ አለቀልን» አለች እትዬ ኦቶኩ። «ልጅቷ ኪዮቶ ከርማ መምጣቷን ያውቃሉ፣ ትከሻዋንም ያውቃሉ። ጀርባዋን አንድ ቀን ቢያዩ ነው የቀረው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካትሱኖ ስትገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ሴቶቹ ሳሙና ይቀባበላሉ፣ ስለ ዓሣ ያወራሉ፣ እሷን ቀና ብለው አያዩም። ኤይኪቺም በጓሯችን ሲያልፍ ጥሩምባውን አንዴ ብቻ ነፍቶ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነፋም። ካትሱኖ እንጨት ስትፈልጥ ቆም ብላ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ምሳሩን ከበፊቱ አብልጣ ታሳርፈዋለች። ሰው አንድ ጊዜ ስለተሸነፈ እንዲህ ይደረጋል? በመጨረሻ ለእትዬ ኦቶኩ በሰው ፊት አፈረጥኩት።

«እናንተስ ተሸንፋችሁ አታውቁም?»

እትዬ ኦቶኩ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ እንባው አላቆመም። «ተሸንፈናል እንጂ፣ ቶሞኤ። እኛ ስንሸነፍ የሚቀርጽ አልነበረም» አለችኝ።

እኔን ግን መልሷ አላረካኝም፤ ወደ አያቴ ሄድኩ። እዚህ ሁሉም ሰው ራቁቱን ነው፣ ታዲያ ፊልም ላይ ያለችዋ ሴት ምን አደረገች ብዬ ጠየቅኋት። አያቴ ከወንበሯ ላይ ወደ ታች አየችኝና «እዚህ ራቁቱን የሚሆን ሰው ራቁታቸውን ከሆኑ ሰዎች ጋር ነው። እዚያ ግን የሚያዩት ሁሉ ልብስ ለብሰዋል» አለችኝ። ይህ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ኢሶቤ የመጡት በበጋው መግቢያ፣ መታጠቢያ ቤቱ መከፈቱን የሚያመለክተው መጋረጃ በሩ ላይ ገና እንደተሰቀለ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመጡት ሥራቸውን የጨረሱ ሴቶችና አሮጊቶች ናቸው። ሳፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፀጉራቸውን አስረው ገቡ።

«የሰፈራችን መታጠቢያ ቤት ማሞቂያው ተበላሽቶብን» አሉ ለአያቴ እጅ ነስተው።

እትዬ ኦቶኩ ልብሷን እያወለቀች ነበር። «የነሱ መታጠቢያ ቤት ጭስ እኮ ከዚህ ሆኖ ይታያል» አለች ቀስ ብላ። አያቴ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

ወይዘሮ ኢሶቤ ልብሳቸውን አጣጥፈው ቅርጫት ውስጥ አኖሩና ወደ ውስጥ ገቡ። ካትሱኖ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ የአሮጊቶቹን ሳፋ ትሞላለች። ስታያቸው የያዘችውን ውሃ ደፋችው።

«ካትሱኖ» አሉ ወይዘሮ ኢሶቤ፣ «ሥራሽን ለጊዜው ተይው። ነይ አብረን እንታጠብ። ጀርባሽን ልጠብልሽ።»

አማት ለምራት ጀርባ ማጠብ! እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። እንዲህ ያለ ክብር ለማን ይደረጋል? እነዚያን ፊታቸውን ያዞሩባትን ሴቶች ጉድ አደረጓቸው ብዬ አየኋቸው። የካትሱኖ ፊት ግን አመድ መስሏል። እምቢ ብትል ትዳሩን እምቢ ማለት ነው፤ እሺ ብትል ልብሷን ማውለቅ ነው። እኔ የገባኝ ክብሩ ብቻ ነበር።

ካትሱኖ አያቴን አየቻት። አያቴ ከወንበሯ ላይ በመስታወቱ በር በኩል እያየች ነው፤ የምታደርገው አልነበራትም። ካትሱኖ አንገቷን ደፋች፣ ወጥታ ልብሷን አወለቀች፣ ፎጣ ደረቷ ላይ ይዛ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተመለሰች።

ያኔ እትዬ ኦቶኩ ከገንዳው ውስጥ ብድግ አለች። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለች። «እኛ እያለን እንግዳ ብቻዎን ሲያጥቡ ልናይ ነው? በኛ ሰፈር ደንብ የምንታጠበው በረድፍ ነው፤ ሁሉም የፊተኛውን ጀርባ ያጥባል። አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ!» አለች አንዷ።

«ከጥንት ጀምሮ ነው» አለች ሌላዋ፣ ከቀድሞዋም አብልጣ።

እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረንም። በዚያ ቤት ተወልጄ አንድም ቀን አላየሁትም። ሴቶቹ ግን ከየገንዳውና ከየቧንቧው እየተነሱ ትናንሽ ወንበሮቻቸውን እየጎተቱ መጡ፤ እርስ በርስ እየተገፋፉ በአንድ መስመር ተቀመጡ። ካትሱኖን መሃል አስገቧት። ለወይዘሮ ኢሶቤ የቀረላቸው ቦታ መጨረሻው፣ በሩ ንፋስ የሚያስገባበት ቀዝቃዛው ጥግ ነው። እንግዳን ጭራ ላይ ማስቀመጥ! ስድብ ነው ብዬ አፈርኩ። ይባስ ብለው ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል።

ወይዘሮ ኢሶቤ አልተቀመጡም። ሳፋቸውን ይዘው ቆመው ያንን መስመር አዩ። ጥቁርና ቀይ፣ ወፍራምና ቀጭን፣ የተሸበሸበና ያልተሸበሸበ ጀርባ ነው። በሁሉም ላይ አንድ ረድፍ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በሁሉም ላይ አንድ ረድፍ ወደ ግራ ተንሻፍፏል።

እትዬ ኦቶኩ ሳትዞር ተናገረች። «በዚህ ሰፈር የእማማ ሺጌ እሳት ያልነካው ጀርባ የለም፣ ወይዘሮ። ከኋላ ቢያዩን አንለይም። ባሎቻችን እንኳ ይሳሳታሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እነዚያ ሴቶች ያን ቀን እየተካፈሉ የነበረው ሸክም ምን እንደሆነ እኔ ብቻ አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ ኢሶቤ በመስመሩ ጎን ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ካትሱኖ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ከኋላዋ የተቀመጠችው ሴት ቦታዋን ለመልቀቅ አልፈለገችም። ወይዘሮ ኢሶቤ ግን ትከሻዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት፣ ተነሳችላቸው። ተቀመጡ። አንድ ጣታቸውን በተንሻፈፈው ረድፍ ላይ አሳረፉ።

«ይህ የምንድን ነው?»

«የልጅ ጥርስ አውልቄ ነው» አለች ካትሱኖ። ድምፁ ከዚያ ሰፊ ደረት የወጣ አይመስልም። ከዚያ ቀና አለች። «ወይዘሮ፣ መዋሸት አልችልም። ፊልሙ ላይ ያለችው…»

«ውሃው ይቀዘቅዛል» አሉ ወይዘሮ ኢሶቤ።

ፎጣቸውን ሳሙና አስነክተው የካትሱኖን ጀርባ ማጠብ ጀመሩ። ቶፉ በጨርቅ ጨምቀው የኖሩ እጆች ናቸው፤ አልቸኮሉም። ከአንገቷ ጀምረው ትከሻዋን፣ ጎኗን፣ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ አጠቡ። ሲጨርሱ ሁለት ሳፋ ንጹሕ ውሃ አፈሰሱባትና ተነሱ፤ ራሳቸው ሳይታጠቡ ወጡ።

ሴቶቹ እንደተቀመጡ ቀሩ። «ሄዱ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ካትሱኖ ፊቷን በፎጣ ሸፍናለች። ሁሉም ነገር የተበላሸ መሰላቸው፤ እኔም ኩርፊያ ነው ብዬ ተከትያቸው ወጣሁ።

ወይዘሮ ኢሶቤ አልሄዱም። ወገባቸውን በፎጣ አስረው አያቴ የምትተኩስበት አግዳሚ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። ጀርባቸው ትንሽና ነጭ ነበር፤ አንድም ምልክት የለበትም።

«እትዬ ሺጌ» አሉ፣ «እኔንም ይተኩሱኝ።»

አያቴ ከወንበሯ ወረደች። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎ?»

«የትም አያመኝም» አሉ ወይዘሮ ኢሶቤ። «እንደነሱ ያድርጉልኝ። ግራውን ዝቅ አድርገው።»

አያቴ አሪቲውን አወጣች፣ በጣቶቿ መሐል አሸችው፣ ደካማውን ግራ ዓይኗን ጨፍና መደርደር ጀመረች። ሴቶቹ ፎጣቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ከውስጥ ወጥተው ዙሪያውን ከበቡ። ካትሱኖ መጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና እጇን ሰጠቻቸው።

«ሲያቃጥልዎ ይጭመቁኝ» አለች። «እኔ አልሰበርም።»

«ይህንስ አይቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ኢሶቤ፤ እጇንም ያዙት።

እሳቱ ሲለኮስ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ድምፅ አላሰሙም፤ የካትሱኖ ጣቶች ግን ደም እስኪሸሻቸው ነጡ። እኔ ከሴቶቹ እግር መሐል ሆኜ አያለሁ። እንደማውቀው አንድ ሰው የሚተኮሰው ሲያጠፋ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ኢሶቤ ምን አጥፍተው እንደሚቀጡ አሰብኩ። አክስቴ ላይ አንድ ክፉ ነገር ሊያደርጉ መጥተው ነበር፣ ሳያደርጉት ተጸጸቱ፣ ቅጣታቸውን ራሳቸው ጠየቁ። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ይህን ፈረድኩና ይቅር አልኳቸው።

የዚያን ዘመን ሐሳቤን አንድ በአንድ ሳርም ነው የኖርኩት። አክስቴ አልተሸነፈችም ነበር፤ ሴቶቹም አልጠሏትም፤ እትዬ ኦቶኩም በወገብ ሕመም እንጂ በአፏ አልነበረም የተተኮሰችው። ስለ ወይዘሮ ኢሶቤ ያሰብኩትን ግን እስከ ዛሬ አላረምኩትም።